ጓንቱን መቻል ያስተማርኩ ጊዜ

ባለፈው እሑድ ሲን ኤል ፊል ባለችው ጠባብ ክፍላችን ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ራሄል ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ዘፍ አለች። ራሄል ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ናት፤ ቤሩት ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ዶራ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች። «እትዬ ዘነቡ፣ እስቲ ይኼን ጉድ እዪልኝ!» አለች።

ስልኩ ላይ አንድ የብረት እጅ አለ። እንቁላል አነሣና ሳይሰብር አስቀመጠ። ከዚያ የበሰለ ቲማቲም ያዘ፤ ቲማቲሙ አልፈረጠም። ተናጋሪው የሚያወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉ አልገባኝም። ነገር ግን የጣቶቹን የላስቲክ ቆዳ ገልጠው ከሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ሽቦዎች ሲያሳዩ፣ የጠፋ ዘመድ መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ።

«ይኼማ የማውቀው ነው» አልኳት።

«ማን? ብረቱ?»

«ብረቱ! የሱን አያት ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ራሄል እስኪያንቃት ሳቀች። «ያላ፣ እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬስ ከየት ያመጣሽውን ነው የምታወሪው!» ብላ ሽንኩርቷን ልትከትፍ ተነሣች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን አላምንም። ብቻ ምስሩን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ሐሳቤ ጥሎኝ ሄደ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ራስ ቤሩት፣ አራተኛ ፎቅ።

ቤቱ የተታ ሰልማ ነበር። ተታ እዚህ አገር አያትን የሚጠሩበት ስም ነው፤ የልጅ ልጅ ባይኖራቸውም ሰፈሩ ሁሉ ተታ ይላቸው ነበር። በዐረብኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ትንሹም ትልቁም አንተና አንቺ ነው። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው፤ ዛሬም ሲነሡ አፌ ሌላ አይወጣውም። አጭር፣ ቀይ፣ ሳቃቸው ከደረጃው በታች የሚሰማ ሴትዮ ነበሩ። እኔን ዘነበች ማለት ሲያቅታቸው ዜና አሉኝ፤ ዜና ሆኜ ቀረሁ።

የተታ ችግር እጃቸው ነበር። የስኳር በሽታው የጣቶቻቸውን ስሜት እንዳለ ወስዶታል። እጃቸው ይሠራል፣ ይጨብጣል፣ ግን አያውቅም። ብርጭቆ ሲይዙ ወይ ይጥሉታል ወይ ጨብጠው ይሰብሩታል። የሹራባቸውን ቁልፍ እኔ ነበርኩ የምቆልፍላቸው። አንድ ቀን እጃቸውን የጋለ ምጣድ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ከጎረቤት ጋር በመስኮት ሲያወሩ፣ ሳሎን ለነበርኩት ለእኔ ሽታው ነው የነገረኝ። ሴትዮዋ ግን በወጣትነታቸው በዚያ ሕንፃ የታወቁ ማርመላታ ሠሪ ነበሩ፤ በየዓመቱ ለየቤቱ አንዳንድ ብልቃጥ የሚያድሉ። ሙያ ያለው ሰው እጁ ሲከዳው ማየት ያሳዝናል፤ በጣም ያሳዝናል።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ ማዳም ሪማ ከከተማው ወጣ ብላ ተራራው ላይ ትኖር ነበር፤ የእኔ ወረቀት በእሷ ስም ነው፤ ስለዚህ የምታስቀረኝም የምታባርረኝም እሷ ነበረች። ወንዱ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ እዚያው ቅርብ ካለው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር መሐንዲስ ነው፤ እኛ ዶክተር ነበር የምንለው። ማዳም ሪማ ከምጣዱ ነገር በኋላ ቁርጧን ተናገረች፤ «ኸላስ፣ በቃ፣ እማማ ወደ አረጋውያን ማደሪያ ትገባለች።» ተታ ደግሞ «ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ነው» አሉ። ዶክተር በመካከል ቆሞ «እስከ ሚሽሚሽ ጊዜ ታገሡኝ» ብሎ እህቱን ለመናት። ሚሽሚሽ ያቺ ቢጫ ፍሬ ናት፤ በበጋው መግቢያ ለጥቂት ሳምንት ብቅ ብላ የምትጠፋ። የማይሆን ነገር ሲለምኗቸው ቤሩቶች «ነገ፣ በሚሽሚሽ» ይላሉ፤ እኛ አህያ ቀንድ ስታበቅል እንደምንለው። ማዳም ሪማም እየሳቀች «እሺ፣ በሚሽሚሽ» አለችው።

የዶክተር ተስፋ አንድ ጓንት ነበር። ሊጥ የመሰለ የላስቲክ ቆዳ፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ የተቀበሩ እንደ ሰሊጥ ያሉ ነገሮች፣ ከእነሱ የሚወጡ ሽቦዎች፣ ከዚያ ወደ ላይ ክንድ ላይ የሚታሠር ቀበቶ። መጀመሪያ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀፈፈኝ። ዶክተር ግን እንዲገባኝ ብሎ አስቀመጠኝና እንዲህ አለኝ፤

«ጣትሽ ጫፍ ላይ ያለው ነርቭ በር አንኳኪ ነው በይው። ነገሩ ለስለስ ካለ ቀስ ብሎ ያንኳኳል፤ ጣ... ጣ... ጣ። ጠንከር ካለ ቶሎ ቶሎ ያንኳኳል። ውስጥ ያለው አንጎል አንኳኳኩን ሰምቶ ‹ይኼ እንቁላል ነው፣ ቀስ!› ይላል። የእናቴ አንኳኪዎች ሞተዋል። ክንዷ ላይ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። ስለዚህ ሌላ አንኳኪ ልቀጥርላት ነው።»

«እኔን እንደቀጠራችሁኝ?» አልኩት።

«ያኒ፣ ማለቴ እንደ አንቺ» ብሎ ሳቀ።

ችግሩ፣ ጓንቱ መንካት እንጂ ምን ያህል መንካት እንደበዛ አያውቅም። ከሰው ነው የሚማረው። የዶክተር እጅ ደግሞ የወረቀት እጅ ነው፤ ኩሽና ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃ አጥቤ ጨርሼ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። በቀኝ እጄ ጓንቱን አጠልቃለሁ፣ በግራው ባዶ እጄ ያንኑ ነገር እነካለሁ፣ ከአንድ እስከ አስር ቁጥር እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ትኩስ ዳቦ፣ እንቁላል፣ አንድ ቀን የራሴን ጉንጭ! በዚህ ጎበዝ ነበርኩ፤ ጉራ አይሁንብኝና የበሰለን ከጥሬ በጣቴ ጫፍ ነው የምለየው። ስንት ዓመት ቤት ስጠርግ ኖሬ፣ የማውቀው ነገር ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ዘመድ ቤት ስደውል «ከዩኒቨርሲቲ ጋር እየሠራሁ ነው» ማለት ጀምሬ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

በሳምንቱ ተታ ጓንቱን አጠለቁ። እንቁላል አነሡ። ክንዳቸው ላይ ቀበቶው ጣ... ጣ... ጣ ሲል ዓይናቸው ፈጠጠ፤ «ዜና፣ አለ! እጄ ውስጥ አለ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ዶክተርን ጠሩትና የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈትተው መልሰው ቆለፉት። ሰውየው አርባ ዓመቱ ነው፤ እንደ ሕፃን ቆሞ አስቆለፈ። እኔ ኩሽና ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ።

ቀጥሎ የሙቀቱ ተራ መጣ። ሥራዬን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው።

የላስቲኩ ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ዘግይቶ ነበር የሚያደርሰው። «የጓንቱን ቁጥር ብቻ ካመንኩ ይሸውደኛል» አለ ዶክተር፤ «አንቺ ንገሪኝ። ማቃጠል የሚጀምረው የት ላይ ነው? እዚያ ላይ ቶሎ ቶሎ እንዲያንኳኳ አደርገዋለሁ።» ውኃ ያለበት ድስት ቀስ እያለ ይሞቃል፤ እኔ ሁለቱን እጆቼን ድስቱ ላይ አሳርፌ እጠብቃለሁ።

«አሁንስ?»

«ማፊ ሺ፣ ዶክተር።» ማፊ ሺ ምንም የለም ማለት ነው።

«አሁንስ?»

«ማፊ ሺ።»

የለም ወይ? ነበረ እንጂ! መዳፌ ይለበለብ ነበር። ግን እዚህ አገር መጀመሪያ የተማርኩት ዐረብኛ «ሐድር» እና «ማፊ ሺ» ነው፤ እሺ እና ምንም አይደለም። ያመጣን መክተብ፣ ማለት ሠራተኛ አገናኙ ቢሮ፣ ገና የመጣን ቀን አሰልፎ ነግሮናል፤ «አመመኝ የምትል ሠራተኛ ትመለሳለች።» ከዚያም በፊት ቢሆን ያደግኩት በዚሁ ነው። እናቴ አምስት ልጅ ስትወልድ ድምፅዋ ከመጋረጃው አልወጣም፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚያመሰግናት በዚያ ነው። «ቻይ ናት» መባል ለእኛ ሴቶች ማዕረግ ነበር። እኔ እቴ፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲጽፍ «አቃጠለኝ» ልበል? ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ያ ሥራ ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ስምንት የሆነውን ሦስት፣ አስር የሆነውን አምስት እያልኩ አስጻፍኩት።

ዶክተር አንድ ሁለቴ ቅንድቡን አንሥቶ «አኪድ?» አለኝ፤ እርግጠኛ ነሽ? «አኪድ» አልኩ። ዞር ሲልልኝ እጄን የቀዘቀዘ የላባን፣ ማለት የእርጎ፣ ቆርቆሮ ላይ እለጥፍ ነበር። እሱ ግን እምነት ጣለብኝ፤ «ጓንቱ የሚሰማው አንቺን ነው» አለ። ሰማኝ። የነገርኩትን ሁሉ ይዞ ቁጭ አለ።

ሚሽሚሽ መጣች። ባለጋሪው ከታች ሲጣራ ተታ በረንዳ ላይ ወጥተው ቅርጫት በገመድ አወረዱ፤ እኔ ደግሞ ደረጃውን ሮጬ ወርጄ እየመረጥኩ ሞላሁት። ማታ ማዳም ሪማ ልትመጣ ነው፤ ተታ ማርመላታውን በገዛ እጃቸው ሠርተው ሊያስቀምሷት ነው፤ ያን ጊዜ የማደሪያው ነገር ይቀራል። ቤቱ በስኳርና በፍሬ ሽታ ታወደ። ተታ በቀኝ እጃቸው ጓንቱን አጥልቀው እያማሰሉ ስለ ሠርጋቸው ያወሩኛል፤ ሙሽራው ዝናብ መንገድ ዘግቶበት በእግሩ እንደመጣ። ድስቱን ከእሳቱ ገሸሽ ለማድረግ የብረት ጆሮውን ያዙት። ያዙትና ወሬያቸውን ቀጠሉ። ቀበቶው ጣ... ጣ... ይላል፤ ለብ ያለ ሻይ እንደያዙ ያህል። እኔም እሱን ሰምቼ ዝም አልኩ። ወዲያው ላስቲክ ላስቲክ ሸተተኝ።

«ተታ!» ብዬ ስመነጭቃቸው ድስቱ ወለሉ ላይ ተደፋ። ጓንቱን ስናወልቀው መዳፋቸው ነጭ ሆኗል፤ ጠርዙ ቀልቷል። እሳቸው መዳፋቸውን አዩና፣ ወይ ጉዴ፣ ፈገግ አሉ። «አትደንግጪ፣ ምንም አልተሰማኝም» አሉኝ።

ሐኪም መጣ፣ ታሸገ። ማዳም ሪማ ማታ ስትደርስ የጠበቃት በጨርቅ የታሠረ እጅ ነው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ኸላስ» አለች፤ «ሰኞ እወስዳታለሁ።» ዶክተር አንገቱን ደፍቶ «መሣሪያዬ ነው ያጠፋው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

እኔ ኩሽና ውስጥ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከወለሉ ማርመላታ እፍቃለሁ፤ ጆሮዬ ሳሎን ነው። ዝም ካልኩ ማንም አያውቅም። ከተናገርኩ ግን የማዳም ሪማን ወንድም ዋሽቻለሁ ማለት ነው፣ እናቷን አቃጥያለሁ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው አውሮፕላን ነኝ። ቤት ደግሞ ሁለት ወንድሞቼ በእኔ ነው የሚማሩት። ከመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ዝም ልል ወስኜ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ የተታ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ የእሳቸው የማይመስል። «ዜና፣ ሐቢብቲ፣ ቡኒዋን ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጂልኝ።»

ማርመላታ በተለቀለቀ እጄ ሳሎን ገባሁ።

«ማሽኑ አልዋሸም። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩ።

ማዳም ሪማ ዞረች። «ምን አልሽ?»

«ዶክተር ያቃጥላል ወይ ሲለኝ ያቃጥለኝ ነበር። ማፊ ሺ አልኩት። ሁልጊዜ።»

«ለምን?»

መልሱ ግልጽ መስሎኝ ነበር። «ሠራተኛ አመመኝ አይልም፣ ማዳም» አልኩ።

ተታ «እጅሽን አምጪ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በጣታቸው ሊያውቁት አይችሉም፤ ስለዚህ መዳፌን አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። በረኪናውን፣ የፈላውን ውኃ፣ የካውያውን ቃጠሎ፣ የዚያን ሳምንት ድስት፣ ሁሉንም በጉንጫቸው ዳሰሱት። ከዚያ ለልጆቻቸው፣ «ይህች ልጅ ከእኔ ትብሳለች፤ እኔ አይሰማኝም፣ እሷ እየተሰማት ነው» አሉ።

ዶክተር ግንባሩን በጡጫ መታ። «አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቁጥር ስጽፍ ሰነበትኩ፤ እጇን አንድ ቀን አላየሁም» አለ። ማዳም ሪማ ይቅርታ አላለችኝም፤ የእሷ ወግ አይደለም። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «አንድ ወር» አለች ለወንድሟ። ወር ሳይሞላ ተመልሳ ስትመጣ አንድ ካርቶን የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ይዛልኝ መጣች፤ ምንም ሳትል ማጠቢያው ሥር ወሸቀችው።

ዶክተር የተቃጠለውን ላስቲክ ቀየረና ጓንቱን እንደገና አስተማርነው። አሁን ግን ተታ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ድስቱ ሲሞቅ እኔ «ማፊ...» ስል፣ «ስድስት ጻፍ! ከንፈሯን ነከሰች!» ይላሉ። «ኧረ ተታ!» «ሰባት! ትከሻዋ ወጣ!» ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል ራሴ «ቢውጃዕ!» ብዬ ጮህኩ። ያማል ማለት ነው። ጮክ ብዬ ስለው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በየትኛውም ቋንቋ። ቤቱ አልፈረሰም። ዶክተር እጄን በፍጥነት ከድስቱ አነሣና ጻፈ፤ ተታ አጨበጨቡ።

የዚያ ዓመት ሚሽሚሽ አለፈን። በሚቀጥለው ግን ተታ ድስቱን ሲይዙ ቀበቶው እንደ በረዶ ዝናብ አንኳኳ፤ ጆሮውን ለቀው እጃቸውን ሰበሰቡና ሳቁ። ለየቤቱ አንዳንድ ብልቃጥ አደልን። ማደሪያ አልገቡም። ከሁለት ዓመት በኋላ በገዛ አልጋቸው ዐርፈው፣ እንዳሉትም በሳጥን፣ ከቤታቸው ወጡ። ዶክተር ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ጓንቱ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም ብዙ ቤት ዞርኩ፤ ብዙ ነገር ሆነ፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር አገሬ። ልጅ ሆኜ ስሰማው ስለ በሽታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያንን የብረት እጅ ሳይ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ እንቁላሉን እንዳይሰብር ያስተማረው ሰው፣ የሚያመውን በትክክል ነግሮት ይሆን?

እንዲህ ስል ነው ከምድጃው በኩል «ውይ!» የሚል የሰማሁት። ራሄል የድስት ክዳን ጥላ ጣቶቿን ታራግባለች።

«አቃጠለሽ?»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ እትዬ ዘነቡ።»

ምስሩን ረስቼ ብድግ አልኩ፤ ወለሉ ላይ ተዘራ። እጇን ይዤ ቧንቧ ሥር አስገባሁት። «አመመኝ በይ» አልኳት።

«ደግሞ አንቺ!» ብላ ሳቀች።

«በይ ብዬሻለሁ።»

«እሺ፣ አመመኝ። ይኸው አልኩ።» እየሳቀች ነበር ያለችው። ከዚያ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። ውኃው እየፈሰሰ በሌላው እጇ የሹራቧን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። የምግብ ቤቱ የፈላ ውኃ ያረፈበት ቦታ፣ አንዱ የዳነ፣ አንዱ ገና ቀይ።

«ይኼም አሞኛል» አለችኝ። «ይኼኛውም።»

ምስሩ እግራችን ሥር እንደተዘራ፣ ቧንቧውን ዘግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እንደ ተታ ፊቷን እያየሁ «ቀጥዪ» አልኳት።